ጎል ፊት የሚግደረደር ቡድን

ቡድናችን አይሸነፍም ነበር። ችግሩ አያሸንፍምም ነበር። ዜሮ ለዜሮ ጀምረን ዜሮ ለዜሮ እንጨርሳለን። የወግዲ ልጆች «ከመካነ ሰላም ጋር የተጫወተ በሰላም ይመለሳል» እያሉ በከተማችን ስም ይቀልዱብን ነበር። ያን ጊዜ ቀልዱ ደሜን ያፈላው ነበር። ዛሬ ሳስበው ስለ እኛ ከዚያ የበለጠ እውነት የተናገረ ሰው አላውቅም።

እኔ የቡድኑ አጥቂ ነበርኩ። ቀን ቀን ቢሮ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ሜዳ እወርዳለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሊሞላ ነው፤ ሚስት አላገባሁም፤ ጎልም እንደዚያው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሰጣቸው ለሰፈርተኛው ተመችቶት ነበር። ሜዳው ዳር በተጋደመው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ባዩኝ ቁጥር «ዘንድሮስ ታገባ ይሆን?» ይሉኛል። የቱን እንደሚጠይቁኝ አላውቅም። ለሁለቱም ያለኝ መልስ አንድ ስለሆነ «ኢንሻ አላህ» ብዬ አልፋለሁ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ እኛ አገር ግን ኢንሻ አላህ የሁሉም ነው።

ጥንካሬያችን ከኋላ ነበር። ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ወንድማማቾች ናቸው፤ ኑሯቸው ድንጋይ መፍለጥ ነው። ከእነሱ ጋር አንዴ የተጋጨ አጥቂ ቀሪውን ጨዋታ ከዳር ከዳር ሲል ያመሻል። እነሱን ያለፈች ኳስ ደግሞ በረኛው እጅ ላይ ታበቃለች።

በረኛችን ከሳውዲ ተመላሽ ነው። ገና በወጣትነቱ በባሕር ተሻግሮ ሄደ፣ ጥቂት ዓመት የግንብ ሥራ ሠራ፣ ተይዞ ታሰረ፣ ተጠርዞ መጣ። ሲመጣ አንድ ፌስታል ነበር የያዘው። ፌስታሉ ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ መዳፉ ላስቲክ የተቀባ ቢጫ የሥራ ጓንት ነው። ብሎኬት ሲያቀብልበት የነበረውን ጓንት አድርጎ ጎላችን ላይ ቆመ፣ ከዚያ በኋላ እኛ ላይ ጎል ማግባት ከባድ ሆነ። ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያለ ይጠራታል። ከያዛት በኋላም ወዲያው አይለጋትም፣ ትንሽ አቅፏት ይቆያል። ስለ እስር ቤቱ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ከሁሉም ተጫዋች የምቀርበው ግን እሱን ነበር።

የፊት መስመራችንን ድካም ሰው ሁሉ በእግራችን ያሳብብ ነበር። እግራችን ምንም አልሆነም። ልምምድ ላይ፣ ጎሉ ባዶ ሲሆን፣ ከርቀት እየለጋን ኳሷን ከጀርባ ካለው የገብስ ማሳ ውስጥ ስንፈልግ እናመሽ ነበር። የእኛ በሽታ ሌላ ነው። በሽታችን መግደርደር ነው።

አባቴ ቤት ያደገ ሰው የመጀመሪያውን ግብዣ አይቀበልም። «ቅረብ፣ ብላ» ሲሉት «በልቻለሁ» ይላል። ሲደግሙት «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል። ሦስተኛው ላይ፣ እጁን ይዘው ሲጎትቱት፣ ያለ ፈቃዱ እንደተሸነፈ ሰው ሆኖ ይቀመጣል። በመጀመሪያው የተቀመጠ ስግብግብ ይባላል፣ እናቱም ትታማበታለች። በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፤ መኪና ላይ የጋቢና ወንበር፤ ለቅሶ ቤት ከፍ ያለው መቀመጫ፤ ሁሉም በዚህ ደንብ ነው የሚሄደው። እኛ ደግሞ ይህን ደንብ ከነሙሉ ክብሩ ይዘን ሜዳ ገባን።

እንዲህ ነበር የሚሆነው። ኳሷን ይዤ ጎል ፊት ብቻዬን እገኛለሁ። ቀና ስል በግራ በኩል የኬሚስትሪ መምህሩ እየሮጠ ሲመጣ አያለሁ። መምህሩ የልጆች አባት ነው፣ በዕድሜም ይበልጠኛል። እሱ እያለ እኔ ብመታ ምን ይሉኛል እላለሁ። አቀብለዋለሁ። እሱም አንዴ ረገጥ ያደርጋትና ባለሙያው አንተ ነህ በሚል ዓይነት ለእኔው ይመልሳታል። እንደዚህ ስንከባበር የተጋጣሚ ተከላካይ ይደርስና ኳሷን ይዟት ይሄዳል። ከግንዱ ላይ «ኧረ አንዳችሁ ጉረሱት» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሕዝቡ ይስቃል። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ነበሩ። ሁልጊዜ ዕረፍት ላይ የሚሉን አንድ ነገር ነበረቻቸው፦ «ልጆቼ፣ ጎሉ የማንም ቤት አይደለም። ሳትጠሩ ግቡ።»

ይህን ልማድ የማያውቀው ከመሐላችን በረኛው ብቻ ነበር። ድሮስ ያውቀው ነበር፣ ሳውዲ አስጣለችው። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ጫማችንን ስንፈታ ለምን እንደማይግደረደር ነገረኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አሠሪው ትሪ ሙሉ ሩዝ አቅርቦ «ብላ» አለው። እሱም እንደ አገሩ «በልቻለሁ» አለ። ሰውየው ትሪውን አንስቶ ሄደ።

«ይመለሳል ብዬ በሩን ሳይ ዋልሁ» አለኝ እየሳቀ። «ወላሂ ሁለት ቀን ሙሉ በልቻለሁ ስል በረሃብ አለቅሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ገና ‘ብ’ ሲል ትሪው ላይ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ውሰድ ካለኝ እወስዳለሁ፣ ያኺ፣ ወንድሜ። እውነቱን ነው እላለሁ።»

እኔም አብሬው ሳቅሁ። እሱ የነገረኝ ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ አብረውት ለሚኖሩ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነበር። አላስተዋልኩትም።

በዚያ ዓመት የአካባቢያችን ወረዳዎች ውድድር ተካሄደና እኛም እየተጎተትን ፍጻሜ ደረስን። እየተጎተትን ስል በእውነት ነው፤ ያገባናቸው ጎሎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ከነሱም አንዷን ያገባው የተጋጣሚ ተከላካይ ነው። የገባብን ግን የለም ማለት ይቻላል። ፍጻሜው አጅባር ላይ ከወግዲ ጋር ሆነ። ያሸነፈው ለዞኑ ውድድር ደሴ ይሄዳል። ደሴ ደግሞ የአንድ ፋብሪካ ቡድን በረኛ ሊመርጥ ሰው ይልካል የሚል ወሬ መጣ፤ ለተመረጠው ቋሚ ሥራ አለው ተባለ።

ለሌሎቻችን ደሴ ሽርሽር ነው። ለበረኛው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሪያድ የምትኖር እህቱ በየሳምንቱ ትደውልለታለች፣ ደላላ አግኝቼልሃለሁ፣ ና ትለዋለች። የአባቱ ቤት የሚተዳደረው እሷ በምትልከው ነው፤ እሷ ደግሞ ደክሟታል። እሱ ያንን ባሕር ሁለተኛ ማየት አይፈልግም። እኔን እንዲህ አለኝ፦ «ደሴ ከገባን ለእህቴ ሥራ አገኘሁ እላታለሁ። ካልገባን ምን እላታለሁ?»

ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው እናቱ መዝገብ ቤት መጡ። ፋይል ፈልገው የመጡ መስሎኝ ተነሥቼ «ምን ልታዘዝ፣ እማ?» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው መስኮቷ ላይ ተደገፉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ኳስ አላውቅም። የኔው ልጅ አያስገባም አሉኝ። አንተ ደግሞ የምታገባው ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ እማ» አልኩ። ይህን ያሏቸው ሰዎች እኔን አያውቁኝም።

«አንድ ትበቃለች አሉኝ። አንድ ብቻ አግባልኝ። ያን ባሕር ሁለተኛ አልችለውም።»

ደረቴን ነፍቼ «አብሽሩ፣ አገባልዎታለሁ» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ሰው ሲያምነኝ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ጊዜ የለም፤ እሳቸው ከሄዱ በኋላ የማወጣው ፋይል ጠፍቶብኝ ቆሜ ቀረሁ።

አጅባር በአይሱዙ ሄድን። ገበያ ስለነበር ሜዳው ዙሪያ በሰውና በበግ ተሞልቷል። ጨዋታው እንደ ሁልጊዜው ነበር። ወግዲዎች ይመጣሉ፣ ወንድማማቾቹ ይመልሷቸዋል፤ ያለፈችውን በረኛው «ነይ፣ ነይ» ብሎ ያቅፋታል። በመጀመሪያው አጋማሽ አንዲት ጥርት ያለች ኳስ ለእኔ መጣች። የወግዲ በረኛ ወድቋል። መምታት ብቻ ነው የቀረኝ። የበረኛችንን እናት አሰብኩ፣ ወደ ግራ ስዞር መምህሩን አየሁት። አቀበልኩት። መምህሩም እንደ ልማዱ። የአጅባር ሕዝብ እንደኛ ሕዝብ አልሳቀም፤ ግራ ገባው እንጂ። አሠልጣኙ ጫፍ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ሲጥሉ አየሁ።

ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ወደ መለያ ምት ሄድን።

አሠልጣኙ አምስት መቺዎችን መረጡ። እኔን መጨረሻ ላይ አደረጉኝ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እስከዚያ ድረስ ነገሩ ያልቃል ብለው ነው። አላለቀም። በረኛችን በዚያ ቀን የሠራውን የአጅባር ሰው እስካሁን ያወራዋል። ከአምስቱ የወግዲ ምቶች ሦስቱን አዳነ። አንዷን በአየር ላይ ተዘርሮ በጣቱ ጫፍ ነው ያወጣት። እኛም በበኩላችን የለመድነውን አደረግን፤ ሁለቱ አገቡ፣ አንዱ ለወግዲው በረኛ አቀበለ፣ አንዱ ኳሷን ከበጎቹ መሐል ላካት። ሁለት ለሁለት። የቀረችው የእኔ ናት። ከገባች አሸነፍን፣ ደሴ ገባን።

ኳሷን አንሥቼ ወደ ነጥቧ ስሄድ በረኛው ከጎሉ ጥግ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ጉልበቱ ተልጦ ይደማል፣ ቢጫው ጓንት ጭቃ ሆኗል። ፊቱ ግን እንደ ሠርግ ቤት ነው። ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አብሽር፣ ዝቅ አድርገህ በግራ ምታት። ይኼ ሰውዬ ቀድሞ ይወድቃል» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። እሺ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን ይህን ነው፦

«ባይሆን አንተ ምታት። ዛሬ ያንተ ቀን ነው።»

እውነቱን ልናገር። ይህን ስለው እምቢ እንደሚለኝ ጠብቄ ነው። «ኧረ አንተ ነህ አጥቂው» ይለኛል፤ እኔ እደግማለሁ፤ እሱ ይገፋኛል፤ በሦስተኛው፣ ተገፍቼና ተለምኜ እሄዳለሁ። ያኔ ብስትም የሳትኩት ገፍተውኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ነገርን ሁሉ የተቀበልኩት እንደዚህ ነው። ከማን ጋር እየተነጋገርኩ እንደሆነ ግን ረሳሁ።

ቀጥ ብሎ አየኝ። «እውነትህን ነው?» አለኝ።

በእኛ ደንብ ይህ እምቢታ አይደለም። ጥያቄ ነው። መልሱም አንዲት ቃል ነበረች። ኳሷ ገና በእጄ ነበረች።

«እውነቴን ነው» አልኩት።

ወሰዳት። ጓንቱን አውልቆ ለእኔ አስያዘኝና ሄደ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደስ አለኝ። ከትከሻዬ ላይ ኩንታል እንደወረደልኝ ሁሉ ደስ አለኝ። ጨዋነት አልነበረም፣ መግደርደርም አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ሰው የጨዋ ልጅ እያለ የሚያመሰግነኝ ብዙ ነገሬ ምን እንደሆነ ያን ቀን ጓንት ይዤ ቆሜ ገባኝ።

ኳስ መምታት የእሱ ሥራ አይደለም። ሮጦ መጣና በሙሉ ኃይሉ ለጋት፤ ቋሚውን መታችና ተመለሰች። ሕዝቡ ኡኡ አለ። እሱ እዚያው በርከክ ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ገና ጨዋታ ነበር፣ ምቱ አንድ በአንድ ይቀጥላል፤ ጓንቱን ሊወስድ ሲመጣ ግን ያ ሰው አልነበረም። የወግዲው ተጫዋች የመታት ኳስ ልል ነበረች፣ በሌላ ቀን በአንድ እጁ የሚያነሣት ኳስ ናት። በብብቱ ሥር አለፈች። «ነይ» ሲላት አልሰማሁም። የእኛ ቀጣይ መቺ መምህሩ ነበር፤ ሳተ። ወግዲዎች እየዘፈኑ መኪናቸው ላይ ወጡ።

ማታ በአይሱዙው ተመለስን። በረኛው ጥግ ላይ ተቀምጦ ጓንቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ እየፈቀፈቀ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ለሁሉም «እኔ ነኝ ያስበላኋችሁ» አለ። ልጆቹ «ኧረ ተው፣ አንተ ባትኖር እዚህም አንደርስም» አሉት። እኔም ከነሱ ጋር «ኧረ ተው» አልኩ። ከእኔ ይጠበቅ የነበረው ሌላ ቃል ነው። ኳሷን እኔ ራሴ እንደሰጠሁት ከእኔና ከእሱ፣ ገምተው ከሆነም ከአሠልጣኙ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሌሎቹ እሱ ራሱ ጠይቆ የወሰዳት ነው የመሰላቸው። ከተማ ስንገባም ወሬው እንደዚያው ሆኖ ገባ፦ በረኛው በራሱ ተማምኖ ኳሷን ከአጥቂው ላይ ወሰዳት፣ ሳታት። ሰው ይህን እያለ ሲያወራ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። አንዱ እንዲያውም ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ብትመታት ይሻል ነበር» አለኝ። ሻዬን ጠጣሁ። አሠልጣኙ ከሁሉም ይበልጥ ከበዱኝ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ተቀብለው ያልፋሉ።

የበረኛው እናት ዳግም መዝገብ ቤት አልመጡም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ግን እንደ ቀድሞው አገላብጠው ሳሙኝ፣ ስለ አባቴ ጤና ጠየቁኝ። «አልሆነም እንግዲህ፤ አላህ ያለው ነው» አሉኝ። ልጃቸው የእኔን ኳስ ስለቀማኝ እንዳፈሩ ከአነጋገራቸው ገባኝ። ያንን እንኳ አላስተካከልኩም። «አይ እማ፣ ምንም አይደል» አልኩና ሄድኩ። ይህን ስጽፍ ራሱ ፊቴ ይሞቃል።

እሱ ከዚያ በኋላ ልምምድ መጣ፣ ግን ሜዳው ዳር ቁጭ ይል ነበር። ለእህቱ እሺ እንዳላት የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። አሁን እዚያ ነው፤ ደርሷል፣ በሕይወት አለ፣ ከከተማ ርቆ አንድ እርሻ ላይ ይሠራል ይባላል። ባሕሩ ላይ ምን እንዳየ የነገረው ሰው የለም። ስልክ ስላለው ድምፅ ቀርጬ ልልክለት ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬያለሁ። «ያቺ ኳስ» እልና አጠፋዋለሁ። ቡድኑ አሁንም አለ፤ እኔ መጫወት ትቻለሁ። አዲስ በረኛ አግኝተዋል፣ ጎል ይገባበታል። የሚገርመው ፊት ያሉት ልጆች ሳይጠሩ ይመታሉ፣ ያገባሉም።

የሄደበትን ጠዋት እስካሁን ዘልዬዋለሁ። መናኸሪያ ሄጄ ነበር። እኛ አገር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ሳይሰናበት አይሄድም፤ እያንዳንዱን ሰው እጁን ይዞ «አፉ በለኝ» ይለዋል። ያስቀየምኩህ ካለ ይቅር በለኝ ማለት ነው። የተባለውም «አፉ ብያለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ እንዲህ ተባብለው ነው የሚለያዩት፣ መንገዱ የሞት መንገድም ሊሆን ይችላልና። እሱም ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ በየተራ ተሰናበተ። እናቱን፣ ወንድማማቾቹን፣ መምህሩን። መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጣ። እነግረዋለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር።

ቀደመኝ። ሁለት እጄን በሁለት እጁ ያዘና ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ «ያቺን ኳስ አፉ በለኝ» አለኝ። «አንተ አምነህ ሰጠኸኝ። እኔ አጠፋኋት።»

እናቱ አጠገባችን ቆመው ይሰማሉ። ረዳቱ ጣራው ላይ ገመዱን እያሰረ ነበር። እጆቹ እጄ ላይ ናቸው፣ ትልልቅና ሻካራ።

«አፉ ብያለሁ» አልኩት።

ፊቱ ፈታ አለ። «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝና መኪናው ውስጥ ገባ።